አራት ማርሽ ወደኋላ

እሑድ፣ መጋቢት 22 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ጅማ

ይህን ደብተር የገዛሁት የተማሪዎቼን ውጤት ልመዘግብበት ነበር። ዛሬ ግን የማልፈጽመው የሚመስለኝ ቃል ከአፌ አምልጧል፤ ቢያንስ የተናገርኩበትን ቀን ልያዘው።

የአከራዬ የሐጂ ቲጃኒ ልጅ ለጢፋ ከደዶ መጥታ ነበር። እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። በወር አንዴ መድኃኒት ልትረከብ ጅማ ትወርድና አባቷ ቤት ታድራለች። እኔ ግቢው ጥግ ከፒክአፗ ሥር ተጋድሜ ነበር። ፒክአፗን በጨረታ የገዛኋት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የሞተሯ ብሎክ ተሰንጥቋል፤ ቀለሟ ተላጧል፤ የጋቢናዋ የኋላ መስታወት የለም። ጎረቤቱ “የአብተው ዶሮ ቤት” ይላታል። ሐሰት አይደለም፤ ሁለት ጊዜ እንቁላል አግኝቼባታለሁ።

የሚታያት እግሬ ብቻ ነበር መሰለኝ፣ አጠገቤ ቆማ ለጫማዬ ተናገረች።

“መምህር፣ ይቺ መኪና መቼ ነው የምትነሳው?”

“ሞተር ስታገኝ ነዋ፣ ሲስተር።”

የሄደች መስሎኝ ነበር። ከዚያ “የክሊኒኩን መኪና ለዘመቻ ወሰዱት” አለች። “ክረምት ሲገባ አውቶቡሱም ይቀራል። አምና በሐምሌ አንዲት ወላድ በቃሬዛ ስናወርዳት መንገድ ላይ አለፈችብኝ። የያዝኩላት እጇን ብቻ ነው።”

ከሥር ወጣሁ። እጄ ጥቁር ነበር፤ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

“ሰኔ ሳይጋመስ መኪናዋ ደዶ ትደርሳለች” አልኳት።

ለምን እንዲህ አልኩ? ሞተር የለኝም። ቢኖረኝም ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ለእኔ ኩፖን የሚሰጥ የለም። እሷ ግን “እሺ” ብላ ብቻ ገባች። ቢያንስ “እንዴት አድርገው?” ማለት ነበረባት። ሰው እንዲህ በቀላሉ ሲያምን ያደናግራል።

መጋቢት 24

ሐጂ ጠሩኝ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቁም ሲሉኝ ቆሜ፣ ተቀመጥ ሲሉኝ ተቀምጬ ሰማኋቸው።

“ሰርቦ ያለው የቡና መቀሸሪያዬ…” ብለው ጀመሩና “የኔ የነበረው” ብለው አረሙ። ከተወረሰ አሥር ዓመት ሆኖታል። ሌላ ቦታ አዲስ መቀሸሪያ ስለተተከለ የድሮው ቆሟል፤ የናፍጣ ሞተሩ ኬሻ ለብሶ ተቀምጧል። “የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለክሊኒክ ከሆነ ውሰዱት ብሎኛል።”

“ወረቀት ሰጠዎት?”

“ቃል ሰጠኝ። ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ አገር ቃል ከወረቀት ይበልጥ ነበር።”

“ነበር” የሚለውን ቃል ሲናገሩ ፊታቸውን አየሁ። ምንም አላነበብኩበትም።

ናፍጣ ክሊኒኩ ለጄኔሬተሩ በኮታ ያገኛል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ያዋጣል። ግን ያ ሞተር የማን ነው? የሐጂ? የማኅበሩ? የመንግሥት? ጠይቄ ሳልጨርስ “በአላህ ስም ጀምር” አሉኝ።

ሚያዝያ 1

ሰርቦ ደርሰን መጣን። አብሮኝ የሄደው ፈይሳ ነው፤ ሂርማታ ገበያ አጠገብ የሚሠራው በያጅ። ዕድሜው ስልሳን አልፏል፤ አንድ ቃል ለመናገር አንድ ብረት እስኪበየድ ይፈጅበታል። ስድስት ሰው ሆነን ሞተሩን በቡና መኪና ላይ ጫንነው። ከመጫናችን በፊት ናፍጣ ጨምሬ በእጅ በሚዞረው ማኒቬላ አስነሳሁት። በሦስተኛው ዙር ተነሳ። አሥር ዓመት ተኝቶ። ድምፁ እንደ ጤነኛ ልብ ነው።

ማኒቬላው የሚዞረው ወደ ግራ ነው። ፈይሳ አይቶ “ግራኝ ነው” አለ። ሳቅን።

ሚያዝያ 6፣ ፋሲካ

ከደዶ በሰው እጅ አንድ ገንቦ ማር መጣልኝ። ወረቀት አለው። “ለመምህር አብተው። እንኳን አደረስዎ። ሞተሩ ጅማ ገባ ሲሉ ሰማሁ። ለጢፋ ቲጃኒ።” ስለ ሞተሩ ምን ያህል እንደሰማች ለማወቅ አራት አምስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በላይ አይናገርም።

ሚያዝያ 17

መኪናዋን ጎትተን ወርክሾፕ አስገብተናታል። ሞተሩና የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ አይጋጠሙም። አንዱ ለወፍጮ፣ ሌላው ለመኪና የተሠራ ነው። መሀላቸው የሚገባ ወፍራም ብረት በማስተምርበት ኮሌጅ ቶርኒዮ እየቆረጥኩ ነው። የወርክሾፑ ኃላፊ ጓድ ፈየራ መጥቶ ብዙ ጊዜ ቆመ።

“ለማን ነው የምትሠራው፣ አብተው?”

“ለደዶ ክሊኒክ።”

“ደብዳቤ አለህ?”

“ይመጣል።”

“ሞተሩስ ከየት ነው?”

“ከሰርቦ።”

“ሰርቦ ሰው አይደለም” አለና አንገቱን ነቀነቀ። ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ከላይ የሚጠይቀው አለ። ቦታውን እስከ ግንቦት 30 ፈቀደልኝ፤ ከዚያ ትራክተሮቹ ለክረምት ጥገና ይገባሉ።

አርባ ሦስት ቀን። በዚያ ላይ ክፍል አስተምራለሁ፤ ማታ የቀበሌ ስብሰባ አለ።

ሚያዝያ 20

ብረቱን ሁለት ሚሊ አሳስቼ ቆረጥኩ። ተበላሸ። እንደገና።

ሚያዝያ 28

በመምህራን ክበብ በር ሳልፍ ሁለት ባልደረቦቼ ስለኔ ሲያወሩ ሰማሁ።

አንዱ፦ “ለደዶ ብሎ ራሱን የሚያደክም ሰው ጤና የለውም።”

ሌላው፦ “ሰውየው ጤነኛ ነው። በሽታው ሌላ ነው።”

ከዚያ ሳቁ። ምን በሽታ? ከባለፈው ወር ወዲህ ከሲታ ሆኛለሁ፤ እሱን ማለታቸው ይሆናል።

ግንቦት 9

ሞተሩ ገባ። ልክ አልነበረም፤ ራዲያተሩን ስድስት ጣት ወደፊት አወጣነው፤ ኮፋኖው አይከደንም፤ በገመድ ይታሰር።

ለጢፋ መድኃኒት ልትወስድ ወርዳ ነበርና ከአባቷ ጋር ወርክሾፕ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። “የቱ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ” አለች። ነገርኳት። የሚያሰለች መስሎኝ ሳሳጥረው “ይኼኛውን ዘለሉት” አለች በጣቷ እያሳየች። በእውነትም ዘልዬው ነበር።

ስትወጣ “ራስዎን አይጉዱ፤ ከስተዋል” አለችኝ። ሐጂ ወደ ጣራው ተመለከቱ። ጣራው ላይ ምን እንዳዩ እንጃ፤ በኋላ ሄጄ ባየው ምንም የለም።

የክሊኒኩ ደብዳቤ አልመጣም። ላስታውሳት ነበር፤ ረሳሁት። እንዴት ይረሳል?

ግንቦት 14

ረመዳን ከገባ ሁለተኛ ቀን። ግቢው ቀን ቀን ጸጥ ይላል። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ዝናብ ጀመረ። በአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት።

ሰኞ፣ ግንቦት 19

ይህን መጻፍ ያሳፍራል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አስነሳናት። ጓድ ፈየራ፣ ፈይሳ፣ ሐጂ፣ ግማሽ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቆመው ያያሉ። ማኒቬላውን አዞርኩ፤ ተነሳ። ጋቢና ገባሁ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።

ወደኋላ ሄደች።

በስሕተት የኋላ ማርሽ ያስገባሁ መሰለኝ። አውጥቼ እንደገና አንደኛ። ወደኋላ። ሁለተኛ አስገባሁ። ወደኋላ፣ ፈጠን ብላ። የወርክሾፑን በር ገፍታ ቆመች። ከተማሪዎቹ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም።

የኋላ ማርሹን ሳስገባ ወደፊት ሄደች። እንደ ኤሊ።

ፈይሳ ወደ መስኮቱ መጣ። “ግራኝ ነው ብዬህ ነበር።”

ሞተሩ የተሠራው ለወፍጮ ነው። ወፍጮ በቀኝ ዞረ በግራ ዞረ ቡናው ይቀሸራል። መኪና ግን እንዲያ አይደለችም። ማኒቬላውን በገዛ እጄ ወደ ግራ አዙሬ፣ “ግራኝ ነው” ሲባል ስቄ፣ ሁለት ወር ሙሉ አላሰብኩትም። አሥራ አንድ ዓመት ሞተር ያስተማርኩ ሰው። ልቤ የት ነበር?

ጓድ ፈየራ ሲወጣ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 20

መፍትሔ አለ። የኋላውን አክስል ከነዲፈረንሻሉ ፈትቶ፣ ገልብጦ፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ መግጠም። ያኔ ጎማዎቹ በተቃራኒው ይዞራሉ። የኋላው ሞላ፣ ባሌስትራው፣ የሚቀመጥበት አዲስ ብረት መበየድ አለበት፤ የዘይቱ መክፈቻም እንዲሁ። አንድ ሳምንት።

ፈይሳ ግን ለቀብር ሰቃ ሄዷል። እስከ ቅዳሜ አይመጣም።

ለደዶ አልላክሁም። ምን ብዬ ልላክ? አራት ማርሽ ወደኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደፊት ያላት መኪና ሠርቼልሻለሁ?

ዓርብ፣ ግንቦት 23፣ ጧት

ከደዶ ሰው በበቅሎ መጣ። የለጢፋ ወረቀት። ወላድ አለች፣ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆኗታል። ሐጂ መኪና ፍለጋ ከተማውን ዞሩ፤ የተገኘ የለም፤ ያለው ሁሉ ዘመቻ ላይ ነው። ወደፊት የምትሄደው በአንድ ማርሽ ነው። ትሂድ። ናፍጣ ሞልቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 24

አንገቴ አይዞርም። ብዕር የምይዘው በግድ ነው። ቢሆንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ ሌላ ታሪክ እንደምነግረው አውቃለሁ።

ከጅማ የወጣሁት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በኋላ ማርሽ ወደፊት። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ትድሃለች። ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች አለፉኝ። አንድ ሽማግሌ ከጎኔ እየሄደ ሰላምታውን ጨርሶ፣ የቤተሰቤን ደኅንነት ጠይቆ፣ ቀድሞኝ ሄደ። መንገዱ ላይ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አክስሉን ቀድሜ ገልብጬ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰዓት እደርስ ነበር።

ደዶ መግቢያ ዳገቱ ላይ ከሥር እንደ ድንጋይ መሰባበር ያለ ድምፅ መጣ። የኋላ ማርሽ ለጥቂት ሜትር እንጂ ለሃያ ኪሎ ሜትር ዳገት አልተሠራም። ጥርሱ ተፈረካከሰ። መኪናዋ ቆመች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ክሊኒኩ ከፊቴ ይታየኛል፤ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ከዚህ በኋላ ይቺ መኪና ወደፊት አንድ እርምጃ አትሄድም።

ሮጬ ሄድኩ። ለጢፋ በሩ ላይ ነበረች። እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም፤ እንደሚንተባተብ ሰው ነው። አቋረጠችኝ።

“ወደኋላ ትሄዳለች?”

“ወደኋላ በአራት ማርሽ ትሄዳለች።”

“ጅማ ከኋላዎ አይደለም ወይ?”

ልክ ናት። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ደዶ፣ ጀርባዋን ወደ ጅማ አድርጋ ነው የቆመችው። ይህ ለምን ቀድሞ አልታየኝም?

ወላዷ ሀዋ ትባላለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ልጁ በማህፀኗ ተጋድሟል። በቃሬዛ አምጥተው ከኋላ ጭነት ላይ ፍራሽ ዘርግተው አስተኟት። ለጢፋ ጀርባዋን ለኋላው መዝጊያ ሰጥታ፣ የሀዋን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የሀዋ እናት ዘይቡ ከጎኗ ቆመው መንገዱን ሊያሳዩኝ ሆነ። እኔ ጋቢና ውስጥ ወገቤን አዙሬ፣ መስታወት በሌለው መስኮት ወደኋላ እያየሁ መንዳት ጀመርኩ።

ወደኋላ በሦስተኛ ማርሽ ነድቶ የሚያውቅ ሰው ይኖራል? መሪው እንደ ዓሣ ከእጅ ያመልጣል። ትንሽ ስትነካው ብዙ ይዞራል። ዘይቡ “ሚርጋ! ቢታ!” እያሉ ይጮኻሉ፤ ቀኝ፣ ግራ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ጅማ ኖሬያለሁ። ግን የማን ቀኝ? እኔ ተጠምዝዣለሁ፣ መኪናዋ በጀርባዋ ትሄዳለች፣ ሞተሩ ግራኝ ነው። ሁለት ጊዜ ወደ ቦዩ ልገባ ነበር።

ዝናብ መጣ። ከወንዙ ላይ ያለው የግንድ ድልድይ ከመኪናዋ ብዙም አይሰፋም። አቆምኩ። ዘይቡ ወርደው ድልድዩ ላይ ወጡና ከወዲያ ማዶ ሆነው እጃቸውን ያወዛውዙ ጀመር። ዝናቡ ውስጥ እጃቸው አይለይም።

“አልችልም” አልኩ። ጮክ ብዬ ማለቴን ያወቅሁት ለጢፋ ቀና ስትል ነው።

“አብተው፣ ወንዙን አትይ። እኔን እይ። እኔ መሀል ነኝ፤ እኔን እያየህ ቀጥ ብለህ ና።”

አየኋት። ፊቷ ላይ ውኃ ይወርዳል፤ ዓይኗን አልጨፈነችም። ግንዱ ከሥራችን ሲንቋቋ ይሰማኛል፤ ከሷ ላይ ግን ዓይኔን አላነሳሁም። አለፍን።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ቀለለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጭቃው ያው ነው።

ጅማ ስንገባ ሰው ሁሉ ከየሱቁ ወጣ። በጀርባዋ የምትመጣ መኪና፣ ላይዋ ላይ ቆመው የሚጮኹ እናት። ማንም አልሳቀም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሆስፒታል ደረስን። ሀዋን ተቀበሉን። ለጢፋ አብራት ገባች። ውኃ ሰጥቻት ነበር፤ “ጾም ነኝ” አለችና ፊቷን ብቻ ታጠበችበት።

አመሻሽ ላይ ወጣች። ሀዋ ተርፋለች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር።

ሄጄ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ለመሄድ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀሁ። አንድ ሰዓት ይበቃ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል በኔ እጅ ጠፋ።

ግንቦት 26

ሐጂ ቤት አገኘኋት። ጠየቅኋት፤ ቀድሜ ብደርስ ልጁ ይተርፍ ነበር ወይ?

“ወረቀቱን ስጽፍልዎት የልጁ ልብ ቆሞ ነበር። የላክሁብዎት ለእናቲቱ ነው።”

“እርስዎ” አለችኝ። ድልድዩ ላይ “አንተ” ነበርኩ። ደንግጣ ይሆናል፤ በድንጋጤ የተነገረ ቃል አይቆጠርም። ስለ ልጁ የነገረችኝስ? ሰው ለማጽናናት ይዋሻል። ነርሶች ደግሞ ይህን ተምረውታል።

ግንቦት 29

ፈይሳ ከሰቃ መጥቷል። ማታ ማታ እንሠራለን። አክስሉ ወጣ። ፈይሳ ሦስት ቀን ሙሉ የተናገረው “ያዝ” እና “ልቀቅ” ነው። ዛሬ ግን ብየዳውን አቁሞ መነጽሩን አነሳና “ሰው ወደኋላ ሄዶም ይደርሳል” አለ። ከዚያ መነጽሩን መለሰ።

ስለ መኪናዋ ነው መሰለኝ።

ግንቦት 30

የመጨረሻው ቀን። ትራክተሮቹ በር ላይ ቆመዋል። ጓድ ፈየራ ሁለት ቀን ጨመረልኝ። ሳልጠይቀው።

ሰኔ 2

ወደፊት ሄደች። በአራቱም ማርሽ። ወደኋላ ማርሽ የላትም፤ እሱን በሌላ ጊዜ። ዲፈረንሻሉ ያፏጫል፤ ጥርሶቹ በማይወዱት ጎናቸው ነው የሚሠሩት። ግን ትሄዳለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከሁለት ሰዓት ተኩል በቀር የማስበው የለኝም።

ሰኔ 4

ለጢፋ ሀዋን ልትጠይቅ ሆስፒታል መጥታ ነበር። ደጁ ላይ ጠብቄ ድጋሚ ጠየቅኋት። እንዲህ ተባባልን።

“ሲስተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እኔ እችለዋለሁ።”

“ነገርኩዎት እኮ።”

“ለማጽናናት ብለው ከሆነ…”

ቆመች። ፊቷ ተለወጠ። “ስማ። እኔ በሥራዬ ሰው ለማጽናናት ብዬ ውሸት አልናገርም። ልጁ ሐሙስ ማታ ነው የሞተው። ዘይቡን ጠይቅ፤ መንቀሳቀሱ ሲቆም እጃቸው ሆዷ ላይ ነበር። አንተ ያመጣኸው የምትድነውን ነው፣ ድናለችም። ያልገደልከውን ሬሳ ተሸክመህ የምትዞረው ማን ይዘንልህ ብለህ ነው?”

“ደግሞ ሲስተር አትበለኝ” ብላ ገባች።

እዚያው ብዙ ቆምኩ። ተቆጥታኝ ሳለ ለምን እፎይ እንዳልኩ ሊገባኝ አልቻለም። ዘይቡን አልጠየቅሁም፤ አመንኩ። ሀዋን ግን በመስኮት አየኋት። ትራስ ተደግፋ አጥሚት ትጠጣለች፤ ልጅ ነች፣ ከተማሪዎቼ አታንስም አትበልጥም። ያኔ ለሞተው ልጅ አለቀስኩ። እስከዚያ ድረስ ለራሴ ነበር የማለቅሰው።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

ተጠራሁ። የኮሌጁ ቢሮ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሦስት ሰዎች፤ ጓድ ፈየራ ከዳር ነው። ሞተሩ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ያለ ወረቀት ወጥቷል፤ የተገጠመው በግል መኪና ላይ ነው።

“ማን ፈቀደልህ?”

የሐጂን ስም ብጠራ የድሮውን ንብረታቸውን ሊያስመልሱ ነው ይባላል። የማኅበሩን ሊቀመንበር ብጠራ ሰውየው ከሥልጣኑ ይወርዳል። “እኔ ነኝ የወሰድኩት” አልኩ።

“ለምን ዓላማ?”

“ለደዶ ክሊኒክ።”

“የደዶ ክሊኒክ ላንተ ምንህ ነው?”

ቀላል ጥያቄ ነው። እስካሁን መልሱን እየፈለግሁ ነው።

ውሳኔው እስኪመጣ ከማስተማር ታግጃለሁ። ለሐጂ ሳልነግራቸው ቀድመው ሰምተዋል። ማታ በራፌ ላይ ቆመው “ስሜን አልጠራህም” አሉ። “አዎ” አልኩ። “እጠራ ነበር እኔ ብሆን” አሉና ቤታቸው ገቡ። ሚስታቸው ለማፍጠሪያ ከሠሩት ሳምቡሳ አንድ ሳህን ላኩልኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ውሳኔው መጣ። መኪናዋ ከነሞተሯ ለደዶ ክሊኒክ ተወርሳለች። እኔ ለጥፋቴ መቀጫ ከመምህርነት ተነስቼ እስከ መስከረም፣ እንደ አስፈላጊነቱም ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ክሊኒክ በሹፌርነትና በጥገና እንድሠራ ተመድቤያለሁ።

ጓድ ፈየራ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም። “የከፋም ሊሆን ይችል ነበር” አለ። “ክሊኒኩ ባለሙያ ይመደብልን ብሎ ጽፎ ባይሆን ኖሮ።” ፋይሉ ውስጥ ደብዳቤውን አየሁት። የተጻፈው ግንቦት 27 ነው፤ እኔ ከመጠራቴ አሥር ቀን በፊት። “መኪናዋን የሚያውቃት እሱ ብቻ ስለሆነ” ይላል። ጽሕፈቱ ከማሩ ጋር ከመጣው ወረቀት ጋር አንድ ነው። ሥራ ነው፤ ክሊኒኩ ሹፌር ያስፈልገዋል።

ባልደረቦቼ እያንዳንዳቸው መጥተው አዘኑልኝ። አንዱ ሊያለቅስ ነበር። “ደዶ፣ በክረምት” አለ። እኔም ፊቴን እንደ አዘነ ሰው ለማድረግ ሞከርኩ። ማዕረጌ ተገፎ፣ መኪናዬ ተወስዶ፣ ወደ ጭቃ ተልኬ ሳለ ሻንጣዬን በአንድ ሰዓት ውስጥ ማዘጋጀቴ ምን ይባላል?

ሰኔ 14

ትናንት ዒድ ነበር። ሐጂ ከዘመዶቻቸው ጋር አብልተውኝ፣ ሰው ሲሄድ እኔን አስቀሩኝ።

“አብተው፣ ደዶ ስትሄድ ሰው ያወራል” አሉኝ።

“ስለ ምን?”

“እሷ መበለት ናት፤ አንተ ክርስቲያን ነህ። ወንድሞቼ አንድ ይላሉ፣ ጎረቤት ሁለት ይላል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ምን እንደምል ገና አላወቅሁም። አንተ ግን ቢያንስ ስለ ምን እንደሚያወሩ እወቅ።”

ጆሮዬ ጋለ። ወለሉን እያየሁ “አውቃለሁ፣ ሐጂ” አልኩ። ስናገረው ነው ያወቅሁት።

“አልሀምዱሊላህ” አሉ። “ይኸውም አንድ ነገር ነው። መንገዱ ላይ ተጠንቀቅ።”

ሰኞ፣ ሰኔ 17

ይህን የምጽፈው ጉልበቴ ላይ ነው፤ ጋቢና ውስጥ፣ ከደዶ አንድ ሰዓት ወዲያ የሆነ ቀበሌ። ስሙን ሁለት ጊዜ ነግረውኝ አልያዝኩትም።

ደዶ የደረስኩት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሻንጣዬን ሳላወርድ ለጢፋ ቦርሳዋን ይዛ ከክሊኒኩ ወጣች። እንኳን ደህና መጣህ አላለችኝም። “ሞተሩን አታጥፋው” አለችና ጋቢና ገባች። እየሄድን በመሀላችን ያለፈው ንግግር ይህ ብቻ ነው፦ “አባባ ምን አሉህ?” “ምን እንደሚሉ ገና አላወቁም።” “አንተስ?” ጭቃው ጥልቅ ስለነበር መልሴን አዘገየሁ። “እኔ አውቄያለሁ” አልኩ በመጨረሻ። እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረች፤ ምን እንዳሰበች አላየሁም። “ወደ ቀኝ ታጠፍ” አለች።

አሁን ለጢፋ ምጥ የያዛት ሴት ወዳለችበት ጎጆ ከገባች ሁለት ሰዓት ሆኗታል። ሞተሩ ይሠራል። የሴቶች ድምፅ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ኃይለኛ ምጥ ከሆነ ጅማ እንወስዳታለን፤ መኪናዋን አዙሬ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አድርጌያለሁ፤ ወደኋላ ማርሽ ስለሌላት ለማዞር ማሳውን ሁሉ ዞርኩ፣ ባለቤቱ ተሳደበ።

የሕፃን ድምፅ ሰማሁ መሰለኝ። ወይም ግልገል ነው፤ ከጎጆው ጀርባ ፍየሎች አሉ።

ለጢፋ ደጃፉ ላይ ወጥታ በእጇ ትጠራኛለች። ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች፣ በዚህ ዝናብ ከዚህ ሆኖ አይለይም። ወርጄ ልየው።